አማኑ ዛሬም ተረኛ ነው

«ስንቴ ነው አጥፋው የምንልህ?»

«አጠፋሁት እኮ ጋሼ።»

«ታዲያ ማን መለሰው?»

«ፕሮግራሙ።»

«ፕሮግራሙ» አሉ ጋሼ ጥሩነህ፣ የእድራችን ሰብሳቢ። «እኔን ሽንኩርት ከታፊ ሴቶች ውስጥ የጻፈኝም ፕሮግራሙ ነው?»

እሱን እንኳ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የቀራንዮ ሰፈር ሰው ሁለት ቀን ሙሉ ሙድ ያዘባቸው። ለዚህ ነው አሁን እውነት ሳወራ የሚያምነኝ የጠፋው።

የእድሩ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነን። እኔ የተጠቀለለው ድንኳን ላይ ቁጭ ብያለሁ። አግዳሚው ላይ የአማኑ እናት እትዬ ገበያነሽ የልጃቸውን ስልክ ይዘው ተቀምጠዋል። ዛሬ ጠዋት ስልኩ ላይ መልእክት ገባ፦ «አማኑ፣ ነገ ድንኳን ተካይ ተረኛ ነህ። አስራ ሁለት ሰዓት፣ እንዳትቀር።» አማኑ ከሞተ ሁለት ወሩ ነው። እንዲህ ሲጠራ ይሄ ሦስተኛው ነው።

እኔ ትምህርት ከስምንተኛ ነው የተውኩት። ታክሲ ላይ ረዳት ነኝ፤ አማኑ የሞተ ሰሞን እንኳ ጦር ኃይሎች ቆሜ «ዘነበወርቅ፣ ዘነበወርቅ» ስል ነው የዋልኩት። የእድሩን ኮምፒውተር ያስነካኝ እሱ ነው፣ ሲያመው። ፕሮግራሙንም የሠራው እሱ ነው። ነገሩ ቀላል ነው፦ የአባላት ዋና መዝገብ አለ፣ ከሱ የሚወጣ የተረኞች ዝርዝር አለ። በየጠዋቱ ፕሮግራሙ ማንም ሳይነካው ይነሳና ሁለቱን ያስተያያል። ዝርዝሩ ላይ የተበላሸ ወይም የጎደለ ስም ካገኘ ከመዝገቡ አይቶ ያስተካክላል፣ ራሱ ያስቀምጣል። ይቺን ማስቀመጥ ኮሚት ይሏታል። ለቅሶ ካለ ደግሞ ተረኞቹን በመልእክት ይጠራል። ያስቀመጠ ቀን ከሥር ይጽፋል፣ ፕሮግራሙ በሠሪው በአማኑ ስም ስለተከፈተ፦ «ያስተካከለው፦ አማኑ። ዛሬ።»

መጀመሪያ ከዝርዝሩ ሳጠፋው በነጋታው ተመልሶ መጣ፣ ፈርሞ። ብቻዬን ሳቅኩ። ይሄ ልጅ ሞቶም ይፎግራል አልኩ።

«ቆይ» አሉ ጋሼ። «ከዋናው መዝገብ ብታጠፋውስ?»

«አይመለስም።»

«ይሄን መቼ ነው ያወቅከው?»

«ወር አለፈኝ።»

«ወር።» መነጽራቸውን አወለቁ። «እና እስከዛሬ ምን ስትሠራ ነበር?»

አንድ ቀልድ አፌ ላይ ነበረች፣ ተውኳት።

«ዝርዝሩን ካልነካሁት ፕሮግራሙ ምንም አይጽፍም ጋሼ። የሚያስተካክለው የለማ። ስለዚህ ሲመሽ እኔ አጠፋዋለሁ፣ ጠዋት ይመልሰዋል። ታክሲ ላይ ሳልወጣ ከፍቼ አያለሁ። ‹አማኑ። ዛሬ› ይላል። በቃ፣ እሱን አይቼ ነው ሥራ የምገባው።»

ጋሼ ጥሩነህ መልሰው መነጽራቸውን አደረጉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ እትዬ ገበያነሽ ዞርኩ። «እትዬ፣ እርስዎን ላስከፋ ብዬ አይደለም። መልእክቱ እርስዎ ጋ እንደሚገባ ረስቼው ነው። እኔ እንጃ፣ እዚህ ጋ እንኳ ሳይሞት ይቆይ ብዬ ነው።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እኔ ልጄን ቀብሬዋለሁ» አሉ። «ቀብሩ ላይ ያጣሁት አንተን ነው።»