ቶፊቅ ያስቀመጠው

"ይሄን ልሰርዘው ወይስ ይቀመጥ?" አለ ሐብታሙ፣ ጆይስቲኩን እንደያዘ ወደ ኋላ ዞሮ።

ከድጃ ከግድግዳው ላይ ፖስተር እየላጠች ነበር። ሐብታሙ ሰመራ ላይ ጌም ቤት ሊከፍት ያሰበ ሰው ነው። የባሏን የቶፊቅን ፕሌይስቴሽን ሊገዛ አዋሽ ሰባት ኪሎ ድረስ መጥቶ፣ በዋጋ ከተስማሙ በኋላ፣ ሳልሞክረው አልወስድም አለ። ቶፊቅ ከሞተ ወዲህ ይህ ጌም ቤቱ ሲከፈት ገና ዛሬ ነው፤ ዒዳዋን፣ የባል ሐዘን ወቅቷን፣ እስክትጨርስ ቁልፉን ለማንም አልሰጠችም።

"ምኑን?" አለች።

"የከባድ መኪናው ጨዋታ ላይ በቶፊቅ ስም የተያዘ ሴቭ አለ።"

እጇ ግድግዳው ላይ እንዳለ ቀረ።

የሞተ ዕለት ቶፊቅ ከጅቡቲ የገባ ርካሽ ቴሌቪዥን ሰመራ ተገኘ ሲሉት፣ የነጋበትን ጨዋታ እንኳ ሳይጨርስ ሮጦ ሚኒባስ ተሳፈረ። መንገድ ላይ ሆኖ ደወለላት። ማሽኑን ሳልዘጋ ነው የወጣሁት፣ ሴቭ አድርጊና ዝጊልኝ አላት። እሷ ሴቭ የሚባለውን የምታውቀው በረኛ ኳስ ሲያወጣ ልጆቹ ከሚጮኹት ነው። "እኔ በረኛ ነኝ እንዴ?" አለችው። ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ እሷም ሶኬቱን ነቅላ ወደ ጓዳዋ ገባች። ገዋኔን እንዳለፉ ሚኒባሱ ከቆመ ተሳቢ ጋር ተጋጨ።

"ሴቭ የኳስ አይደለም?" ስትል ሐብታሙን ጠየቀችው።

"የኳስም ነው። ተኩስ ላይ ደግሞ ተመትቶ የወደቀውን ጓደኛው ደርሶ ካነሳው፣ ሴቭ አደረገው ይባላል። እንዲህ ረጅም ጨዋታ ላይ ግን የደረሱበትን ማስቀመጥ ነው። ነገ ከዚያው ይቀጥላል።"

"ሳይቀመጥ ሶኬቱ ቢነቀልስ?"

"የዚያን ቀኑ ይጠፋል። ቀድሞ ወዳስቀመጠው ነው የሚመልሰው።"

ከድጃ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ለማታውቀው ሰው መናገር አልፈለገችም ነበር፤ ግን ስልኩንም፣ ሳቁንም፣ ሶኬቱንም ዝግ ባለ ድምፅ ነገረችው። ሐብታሙ ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

"ነፍሱን ይማረው" አለ። "ጨዋታ እኮ ነው፣ እህቴ።"

"አውቃለሁ። አደራ ያለኝ የመጨረሻ ነገር ግን እሱ ነው።"

ሐብታሙ አንገቱን ደፋ። ከፈለገች እንደማይሰርዘው፣ ሰመራ ወስዶም ማንም እንዳይነካው እንደሚያደርግ ነገራት። ከድጃ ስለ ሰመራ ልጆች አሰበች። አንዱ አንድ ቀን መክፈቱ አይቀርም፤ እየሳቀ የቶፊቅን መኪና ገደል ይከተዋል።

"እስቲ ክፈተው" አለች።

ቀይ መኪና ታየ። ጨለምለም ባለ ሜዳ መካከል ከአስፋልቱ ዳር ቆሟል፤ መብራቱ እንደበራ ነው።

"የት ሊሄድ ነው?"

"ጭነቱን አራግፎ እየተመለሰ ነው። ጋራዡ ግን ሩቅ ነው።"

ውጭ የሰመራ ሚኒባስ ረዳት ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረን እያለ ይጣራል። ሐብታሙ ወደ በሩ አየ፤ ከዚያ ወደ እሷ። ከድጃ ዓይኗን ከመኪናው ላይ አላነሳችም።

"ነድተህ ቤቱ አስገባልኝ" አለችው። "ቀስ ብለህ ንዳ። ከገባ በኋላ ትሰርዘዋለህ።"