የመቀናጆ ኮምፒውተር

የሺዋስ ከአይከል፣ ሰርካለም ከኮላ ድባ። ሁለቱም የገበሬ ልጆች፣ ሁለቱም ማራኪ ሰፈር እትዬ ሸዋረጋ ግቢ ጎን ለጎን ክፍል የተከራዩ፣ ሁለቱም ዘንድሮ የኮምፒውተር ትምህርት ተመራቂ። ኮምፒውተር ግን የላቸውም። ታዲያ ምን አደረጉ? ያባቶቻቸውን ዘዴ አመጡዋ! አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን ባንድ ጠምደው በየተራ እንደሚያርሱ፣ እነሱም ግማሽ ግማሽ አዋጥተው አንዲት ያገለገለች ላፕቶፕ ገዙ። ጠዋት የሱ፣ ከሰዓት የሷ። መቀናጆ ማለት ይኸው ነው።

ሰርካለም ያወጣችው ሕግ አንድ ብቻ ነበር። “አባቴ በሰው በሬ ያረሰ አብልቶ ይመልስ ይላል። አንተም ቻርጅ አድርገህ መልስ።”

“ምን ችግር አለ!” አለ የሺዋስ።

አለ እንጂ፣ አንድም ቀን ጠግባ የመለሳት የለም። እኩለ ቀን ላይ በሯን ሲያንኳኳ ላፕቶፒቱ ነፍሷ ልትወጣ ጥቂት ቀርቷት ነው። “በሬዬን አጥንቱን አውጥተህ ነው የምትሰጠኝ!” ትለዋለች። እሱ ይስቃል። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ስትቆጣው ደስ ይለው ነበር። ስትቆጣ ረዘም አድርጋ ታየዋለች፤ ሳትቆጣ ሲቀር ግን “እሺ፣ ቻው” ብላ በሯን ትዘጋለች። አንድ ቀን እንኳ የልቡን ሊነግራት ሞክሮ ስለ ኢንተርኔቱ መቆራረጥ አውርቶ ተመልሷል።

አሁን ወደ ጉዱ እንምጣ። ሁለቱም የመመረቂያ ሥራቸውን የሚሠሩት ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ይህ ቋንቋ በየጊዜው አዲስ ይወጣለታል፤ አዲሱ ደግሞ ከአሮጌው ጋር የሠራውን ሁሉ እሺ ብሎ አይቀበልም። ሰርካለም የሽምብራ ቅጠል ፎቶ ዓይቶ በሽታውን የሚለይ ፕሮግራም ነው የሠራችው፤ እሱ በአሮጌው እንጂ በአዲሱ አይሄድም። የሺዋስ የአይከልን ገበያ የእህል ዋጋ በቴሌግራም የሚናገር ሠርቷል፤ እሱ ደግሞ ካለ አዲሱ አይሆንለትም። ሦስተኛ አለ፤ ኮምፒውተሯ ራሷ ለራሷ ሥራ ይዛው የመጣችው፤ እሱም አሮጌ ነው። አንዲት ላፕቶፕ፣ ሦስት ፓይተን።

የሺዋስን ይሄ ነገር ይከነክነው ነበር። እንዴት አይከነክነው? የወይዘሮ ታየች ልጅ ነዋ! ወይዘሮ ታየች ማለት አይከል ውስጥ በጽዳቷ የምትፈራ ሴት ናት። የሁዳዴ ቅበላ ሲቃረብ ቤቱን ገልብጣ ታጥባለች፤ ቅቤ የነካው ማንኪያ እንኳ ከዓይኗ አያመልጥም። በዚያን ሰሞን እሷ ቤት ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ራሱ ይታጠባል።

እንግዲህ የቅበላው ዋዜማ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሰኞ ጾሙ ይገባል፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሰርካለም ሥራዋን በመምህራን ፊት አቅርባ ትፈተናለች። የሺዋስ ክፍሉን ጠረገ፣ ልብሱን አጠበ፣ ጫማውን ወለወለ። የሚታጠብ ሲያጣ ላፕቶፒቱን ከፈታት። ያው ሦስት ፓይተን።

“ጾም ሊገባ ይሄን ሁሉ ግሳንግስ!” አለ። “አዲሱ ብቻ ይበቃል። ለሷም ቢሆን ይሻላታል፤ አይታ ትደሰታለች።”

አያችሁልኝ? ደግ ሊሠራላት ነው! በሬ ካራጁ ይውላል የሚባለው ይሄኔ ነው።

ሁለቱን አሮጌዎች እንድታጠፋ አዘዛት። ላፕቶፒቱ ምስኪን አስጠነቀቀችው፤ “እነዚህን ካጠፋህ ይሄም ይሄም ይሄም አብሮ ይጠፋል፤ ልቀጥል?” ብላ ረዥም ዝርዝር አወጣችለት። ስብከት ላይ ያንቀላፋ ሰው ነቅቶ “አሜን” እንደሚለው፣ ሳያነብ “አዎ” የሚለውን ተጫነው።

በመጀመሪያ መስኮቶቹ ሄዱ። ቀጥሎ ሥዕሎቹ ሄዱ። አጥፍቶ ሲያበራት ጥቁር ገበታ ላይ ጥቂት ነጭ ፊደላት ብቻ ብልጭ ድርግም ይላሉ። የሺዋስ ክው አለ።

እትዬ ሸዋረጋ በበሩ ሲያልፉ ጭንቅላቱን ይዞ አዩት። “ምነው ልጄ? መብራት ሄደ እንዴ?”

“ኧረ ተዉኝ እትዬ። ላፕቶፒቱ ሞተችብኝ።”

ገባ ብለው አዩዋት። “ወይኔ! ጥቁር ብላለች። እኔ ጋ የተረፈ ጠበል አለ፤ ትንሽ ጠብ ይደረግባት?”

ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ አሰበበት! ለአፍታ ያህል ከልቡ አሰበበት።

እኩለ ቀን ላይ ያልተንኳኳው በር ሰርካለምን አሳሰባት መሰለኝ፣ ራሷ መጣች።

“ተራዬ ነው። በልታለች?”

“በልታለች” አለ የሺዋስ፣ ድምፁ ከሆዱ እየወጣ።

“ተመስገን! ዛሬስ ምን በላች?”

“ፓይተን። ሁለት።”

መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ነበር። ክዳኑን ገለጠችና ዝም አለች። ሰርካለም ስትጮህ የለመደ ሰው ዝም ስትል ምን ያድርግ? የሺዋስ መለፍለፍ ጀመረ፤ ጽዳት መሆኑን፣ ቅበላ መሆኑን፣ የእናቱን ነገር፣ ሦስት መብዛቱን። ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ አሉ!

“እናትህ” አለችው ቀስ ብላ፣ “ጾም ሲገባ የፍስኩን ድስት ይጥሉታል?”

“እንዴት ይጥሉታል? አጥበው ለብቻ ይሰቅሉታል እንጂ።”

“ለምን?”

“ለፋሲካ ነዋ! የጾሙም የፍስኩም ለየራሱ ድስት...” አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

“አንተ ታዲያ ይሄን ከማን ተማርከው? የኔ የጾም ድስት፣ ያንተ የፍስክ ድስት፣ እንዳይነካካ ለየብቻ ማስቀመጥ አቅቶህ የኔን ጣልክ! እሱም ሳይበቃህ ጉልቻውን ነቅለህ ጣልክ! ኮምፒውተሯ የቆመችበትን!” ከዚህ በኋላ ድምፅዋ ተሰበረ። “አባቴ ሰኞን ለኮላ ድባ ሰው ሁሉ አውርቷል የሺዋስ። ‘ልጄ ሽምብራችንን ልታክም ነው’ ብሎ። ምን ልበለው?”

የሺዋስ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

“ሰኞ ማታ መቀናጆው ፈርሷል” አለች ከበሩ ላይ። “ድርሻ ድርሻችንን እንካፈላለን። ክዳኑን አንተ ውሰድ፣ የቁልፍ ሰሌዳውን እኔ።”

እንግዲህ ሰው ሲነድበት ብልህ ይሆናል። የሺዋስ በስልኩ ሲያነብ ዋለ። ሲያነብ ደግሞ ሁለት ነገር ገባው። አንደኛ፣ የሰርካለም ሥራ ራሱ አልጠፋም፤ የተነቀለው የሚቆምበት ነው። ሁለተኛ፣ ዓለም ላይ እንደሱ ጉልቻውን የነቀለ ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። ይሄኛው በጣም አጽናናው። የጠፋውን ሁሉ ከኢንተርኔት መልሶ ማውረድ ይቻላል፤ ችግሩ ኮምፒውተሯ ኢንተርኔት የምትይዝበትም አብሮ ሄዷል። የቀረው ስልኩን በገመድ ሰክቶ ከስልኩ ማጠጣት ነበር።

ገመዱ ደግሞ አሮጌ! በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጠምዘዝ አድርገው ካልያዙት ይቋረጣል። ስለዚህ የቅበላው እሑድ የሺዋስ አልጋው ጫፍ ላይ ገመድ ይዞ ዋለ። ከግቢው የጥብስ ሽታ ይመጣል። እትዬ ሸዋረጋ በግ አርደው ተከራዩን ሁሉ ጠርተዋል፤ እስከ ፋሲካ ሥጋ የሚበላበት የመጨረሻ ቀን ነው። ምራቁን እየዋጠ ገመዱን ይዟል። ቢለቅ ሊቋረጥ ነው፤ ከተቋረጠ ደግሞ ያ የወረደው ፋይል እንደ አዲስ ከሀ ይጀምራል።

በሩ ተከፈተ። ሰርካለም ናት፤ በእጇ ሳህን። ፊቷ እንደተቋጠረ ነው።

“ምን ላይ ደረሰ?”

“ከግማሽ አልፏል።”

“ልያዝልህና ብላ።”

“አይሆንም፤ ሲለዋወጡ ይቋረጣል።”

 አጠገቡ ተቀመጠችና እንጀራውን በጥብስ ጠቅልላ አፉ ላይ አስጠጋችለት። “አፍህን ክፈት። ገመዱ እንዳይነቃነቅ ብዬ ነው፤ ሌላ እንዳይመስልህ።”

“ምንም አልመሰለኝም” አለ የሺዋስ፣ አፉን እየከፈተ።

ጉርሻ አንድ ሲሆን ያጣላል ይባላልና ደገመችለት፤ ሦስተኛውንም ሰጠችው። እሱ ያንን ጥብስ ጥብስ መሆኑንም አላወቀ። ደስታ የሚሉት ነገር እንዲህ ገመድ ይዞ ሊያገኘው!

ወደ ማታ ላይ መስኮቶቹ ተመለሱ፣ ሥዕሎቹ ተመለሱ። የሺዋስ በዚህ አላበቃም። ለሰርካለም ሥራ ላፕቶፒቱ ውስጥ የራሱን ክፍል ሠርቶ አሮጌውን ፓይተን እዚያ አስገባ፤ ለራሱ ሥራ ሌላ ክፍል ሠርቶ አዲሱን እዚያ አስገባ። አንዱ ያንዱን አያይም፣ አይነካም። የኮምፒውተሯን የራሷን ደግሞ ከሩቁ ተሳለመው። ከዚያ ወዲያ እጁን አላስገባም።

ሰኞ ጠዋት ሰርካለም መምህራኑ ፊት ቆመች፤ የሺዋስ ከኋላ ወንበር ላይ ጥፍሩን ይበላል። የመጀመሪያዋን የሽምብራ ቅጠል ፎቶ አስገባች። ላፕቶፒቱ አሰበች፣ አሰበች፣ አሁንም አሰበች። የሺዋስ በሆዱ ለአይከል ታቦታት ሁሉ ተሳለ። የቅጠሉ በሽታ ስም ወጣ፤ ልክ ነበር። ሁለተኛውም ልክ፣ ሦስተኛውም ልክ።

ከፈታኞቹ አንዱ ዶክተር ሀብተሥላሴ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። “በአሮጌ ፓይተን ነው የሠራሽው። አዲስ እያለ ምነው? ሌላ ሥራ በአዲሱ ቢመጣብሽ አንድ ኮምፒውተር ላይ አይጣሉብሽም?”

“ዶክተር፣ ዛሬ እቤትዎ የፍስኩ ድስት የት ነው ያለው?”

“እ... ባለቤቴ ሰቅላዋለች” አሉ።

“የጾሙስ?”

“እሳት ላይ።”

“አንድ ቤት ናቸው፤ ተጣልተው ያውቃሉ? የኔም እንደሱ ነው፤ ሁለቱም ለየራሳቸው ክፍል አላቸው።”

ዶክተሩ ከት ብለው ሳቁ። “ማነው እንዲህ ሸጋ አድርጎ የለየልሽ?”

ሰርካለም ወደ ኋላ ዞራ አየችው። “ያው ጉልቻውን የነቀለው ነው” አለች።

ውጤት የሚነገረው የዕለቱ ተፈታኞች ሁሉ ሲጨርሱ፣ ከሰዓት ነው። የሺዋስ ላፕቶፒቱን ብብቱ ሥር ይዞ ጠፋ። ሰርካለም ማለፏን ሰምታ፣ ለአባቷ ለአያ ጎሹ ደውላ፣ እሳቸውም በስልክ እልል ብለውላት ስትወጣ፣ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ዓይኑ መሬት መሬት ያያል።

“እንኳን ደስ ያለሽ። እንግዲህ... ሰኞ አልሽኝ። ክዳንና ቁልፍ መለያየት ደግሞ ነውር ነው፤ ሙሉዋን ውሰጃት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ድርሻዬን ትቻለሁ።”

ሰርካለም ተቀብላ ክዳኑን ገለጠች። የባትሪውን ቁጥር አየች። ደግማ አየች።

መቶ።

“የት ወስደህ አበላሃት?”

“ቤተ መጻሕፍት። ሶኬቱ እንዳይወሰድብኝ ምሳም አልሄድኩ።”

ሳትቆጣ፣ ረዘም አድርጋ አየችው። ከዚያ ክዳኑን ዘግታ ላፕቶፒቱን መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

“ነገ ጠዋት ተራው ያንተ ነው” አለችው። “አብልተህ መልስ።”