የአማከለች ጣውንት

አቶ ክብረት የሞተር ሳይክሏን መርገጫ ለሃያኛ ጊዜ ረገጡ። ሞተሯ ነጭ ጭስ ተፋችና ዝም አለች። አዲሱ ሱፋቸው በላብ ረጥቧል። ሙሽራው አራት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ አሁን ሦስት ተኩል ሆኗል።

“ካንዴላዋ ናት” አሉ፣ እንደ ሁልጊዜው። በሃያ ሁለት ዓመት የመሥሪያ ቤት የሞተር መልእክተኛነታቸው ለሞተር በሽታ ሁሉ የሚያውቁት ስም ይኸው አንድ ብቻ ነው።

በጨረታ የገዟት ይህች አሮጊት ልጃቸውን ቤተልሄምን ስምንት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት አመላልሳለች። ቤተልሄምም “የሠርጌ ቀን መኪናዬን በሞተር ትመራለህ” ብላ ቃል አስገብታቸዋለች። የኋላው ወንበር የእሷ ብቻ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ አማከለች እንኳን አንድ ቀን ተፈናጥጠው አያውቁም፤ ሞተሯን “ጣውንቴ” ነው የሚሏት።

መካኒሳ አቦ አጠገብ ጋራዥ ያለው ዳባ ለሠርጉ ተጠርቶ መጥቷል።

“ጋሼ፣ እስቲ እኔ ልያት?”

“ከእኔ በቀር ማንም ነክቷት አያውቅም!”

“እኔም ዛሬ ሱፌን አላቆሽሽም ብዬ ነበር” አለና ኮቱን አጥሩ ላይ ሰቅሎ ተንበረከከ።

ካንዴላዋን ፈታና ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቶ “ይርገጡ” አላቸው። ሰማያዊ ብልጭታ ተንጣጣ።

“እሳቷ ጤነኛ ነው። ነገሩ ከነዳጁ ነው።”

የነዳጁን ጎማ ነቅሎ መዳፉ ላይ አንጠባጠበና እፍ አለበት። ቤንዚን ቢሆን ወዲያው ይደርቅ ነበር፤ ይሄ ግን እንደ ቅባት መዳፉ ላይ ቀረ። አሸተተው።

“ጋሼ፣ ላምባ ነው እኮ ያጠጧት!”

“እብድ! ጠዋት ከቤንዚኔ ጀሪካን ነው የሞላሁት። እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰርኩበት…”

ድንገት ትዝ አላቸው። ለድግሱ ዕቃ ያዋሱ ጎረቤቶች፣ የማን ከማን እንዳይቀያየር፣ ምልክት አስረውበታል። ጎረቤታቸው ቀመሪያ በድስቶቿም በላምባ ጀሪካኗም ላይ ያሰረችው ቀይ ጨርቅ ነው። ዕቃው ሁሉ ደግሞ ትናንት የተከመረው እሳቸው ቤንዚናቸውን በሚያስቀምጡበት ጓዳ ውስጥ ነበር።

“የእሷን ላምባ እኔ ከወሰድኩ…” አሉ ፊታቸው አመድ መስሎ፤ “የእኔ ቤንዚን ወደ ላምባ ምድጃው ሄዷል!”

ወደ ጓሮ ሮጡ። ዕድሜያቸውንም ሱፋቸውንም ረሱ።

“አማከለች! ክብሪት እንዳትጭሪ!”

ወይዘሮ አማከለች ወጡን በከሰል እያሞቁ ነበር። ባለቀይ ጨርቁ ጀሪካን ከእሳቱ ርቆ አጥሩ ሥር ተቀምጧል።

“ምን ያስጮህሃል? ምድጃውን ልሞላ ክዳኑን ስከፍት ጣውንቴ ሸተተችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ከሸሚዝህ ሳጥበው የኖርኩትን ሽታ ላጣው ነው?”

አቶ ክብረት ድንጋይ ላይ ዘጭ አሉ። ሳቃቸውም እንባቸውም እኩል መጣ። እንዲህ ያለች ሴት ቤታቸው ውስጥ መኖሯን ዛሬ ገና ያወቁ መሰላቸው።

ዳባ ላምባውን አፈሰሰ፣ ካርቡራተሩን አጠበ፣ ቤንዚኑን ሞላ። አቶ ክብረት ሁለቴ ረገጡ፤ ሞተሯ አጓራች። ሴቶቹ ለሙሽራው ያዘጋጁትን እልልታ ለእሷ አቀለጡት። ወዲያው ከታች በኩል የሙሽራው መኪኖች ጥሩምባ ተሰማ።

ቤተልሄም ቬሎዋን ሰብስባ በሩ ላይ ብቅ አለች።

“አባባ፣ ወንበሬ ባዶውን ሊሄድ ነው?”

አቶ ክብረት መሀረባቸውን አውጥተው የኋላውን ወንበር ጠረጉ፤ ቀስ ብለው፣ ዳር ዳሩን ሳይቀር።

“አማከለች፣ ነይ ተፈናጠጪ።”

“እኔ? እንግዳ ጥዬ?”

“እስከ አስፋልቱ ብቻ።”

ወይዘሮ አማከለች ልጃቸውን አዩ፣ ሞተሯን አዩ። ከዚያ ሽርጣቸውን ፈተው ለቀመሪያ አቀበሉ።