የአራተኛው ፎቅ ቅርጫት

ቅርጫቱ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ትንሽ ተወዛወዘ፤ ግቢው ውስጥ የቆመው ሰው ሁሉ አንጋጦ ትንፋሹን ዋጠ። ነርሷ ሁለት እጆቿን ከጀርባዋ አቆላልፋ ቆማለች። ጣቶቿ ገመዱን ለመያዝ ይቁነጠነጣሉ፤ ነገር ግን የአሰልጣኙ የመጀመሪያ ትእዛዝ ግልጽ ነበር፦ ሰው ሲሞክር እጅ ወደ ኋላ። ቢሳሳትም፣ ቢቸገርም፣ ቢያልበውም አትንኩ። ካገዛችሁት የምትለኩት የራሳችሁን ጉልበት ነው ይሏቸው ነበር፣ እሷንና አብረዋት የሚማሩትን ሁለት ጓደኞቿን።

ከታች ሆነው ገመዱን የሚስቡት ምድር ቤት የሚኖሩት ልብስ ሰፊ ናቸው። መዘውሩ ሳይደናቀፍ ዞረ፤ ቅርጫቱም አራተኛው ፎቅ መስኮት ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። ከመስኮቱ ሁለት ቀጫጭን ክንዶች ወጥተው ሽንኩርቱንና ዳቦውን አነሱ። የክንዶቹ ባለቤት ዕድሜያቸውን በስልክ መሥሪያ ቤት መስመር ሲያገናኙ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ሕንፃው በሙሉ እማማ ስልከኛ ይላቸዋል። ወደ ታች እጃቸውን ሲያውለበልቡ ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ። ነርሷ ደስታው እግሯን ከመሬት አስለቀቃት፤ አጠገቧ የቆመውን አናጺም ሳታስበው ትከሻውን በጡጫ መታችው። ቅርጫቱን የሠራው እሱ ስለሆነ ጡጫውን እንደ ሽልማት ተቀበለው።

ሦስቱም ጀማሪዎች ናቸው፤ እሷ የሐኪም ቤት ነርስ፣ እሱ አናጺ፣ ሦስተኛው ጓደኛቸው ደግሞ የሒሳብ መምህር። እስከ ዛሬ ሲማሩ የቆዩት ሕያው ቤተ ሙከራ ማቋቋምና ማስኬድ ነው። ስሙን የሰማ ሁሉ ነጭ ካፖርትና የመስታወት ብልቃጥ ይታየዋል። የእነሱ ቤተ ሙከራ ግን ይኸው አሳንሰር የሌለው አሮጌ ሕንፃ ነው፤ ተመራማሪዎቹም እዚሁ የሚኖሩት ሰዎች ናቸው። ነዋሪው ችግሩን ይናገራል፣ መላውን አብሮ ይሠራል፣ በገዛ ቤቱ ይሞክረዋል፣ ያልጣመውን ይነቅፋል፤ ከዚያ ሥራው እንደገና ይጀመራል። የጀማሪዎቹ ድርሻ ነገሩን ማስጀመርና ከመንገድ ዞር ማለት ነው። ማስጀመሩ ቀላል ነበር፤ ዞር ማለቱ ነው ያስቸገራቸው።

ነዋሪዎቹ መጀመሪያ ያነሱት ችግር ደረጃው ነበር፤ የመጀመሪያው መላም ይህ ቅርጫት። ዛሬ የመጨረሻው ሙከራ ነው። ከሰዓት በኋላ አሰልጣኙ ነዋሪዎቹን ሰብስበው ያነጋግራሉ። ከዚያ አሰልጣኙ፣ ጀማሪዎቹ ብቻቸውን መቆም ይችላሉ ብለው ከወሰኑ ምድር ቤት ያለው ክፍል ከነሥራው ለእነሱ ይሰጣል፤ አይችሉም ካሉ ለሌላ ቡድን ያልፋል። የነርሷ የዕረፍት ፈቃድ የሚያልቀው ሰኞ ነው። ክፍሉን ካላገኙ ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ላይ መገኘት አለባት። ታላቅ እህቷ፣ የተከበረ ሥራሽን ትተሽ ቅርጫት ልትጎትቺ ነው ወይ ብላ ስቃባታለች። አብራት ስቃ ነበር፤ ግን እንደዚህ የምትወደው ሥራ በሕይወቷ አላጋጠማትም፤ ሰሞኑን ጠዋት የምትነሳው የማንቂያ ደወሉን ቀድማ ነው።

ከልብስ ሰፊው በኋላ ሌሎቹም በየተራ ገመዱን ያዙ። ባለፈው ሳምንት ገመዱን እግራቸው ላይ የጠመጠሙት ልብስ ሰፊ ዛሬ መርከበኛ ሆነዋል። ያኔ ቅርጫቱን ዘቅዝቆ ግቢው ላይ የቲማቲም ዝናብ ያዘነበው የሁለተኛው ፎቅ ዳቦ ጋጋሪም ቋጠሮውን ዓይኑን ጨፍኖ ያሰረ መሰለ። ሁሉም ሲጨርስ ወደ አሰልጣኙ ዞር እያለ «ኑሯችንን አቀለለው» ይላል። መምህሩ ፊቱ በርቷል። አሰልጣኙ ግን ሆዳቸው የማይታወቅ ሰው ናቸው፤ ግድግዳውን እንደተደገፉ አንድ ጊዜ ራሳቸውን ነቅንቀው ለምሳ ወጡ።

ነርሷ ምሳውን ተወችው። የመዘውሩን መንጠቆ ልታይ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ከዳቦ ጋጋሪው በር ጀርባ የልብስ ሰፊውን ድምፅ ሰማች። እያስጠኑት ነበር። ሲጠይቁህ ኑሯችንን አቀለለው በል፤ ከዚያ ውጪ አትጨምር፤ ስለ መስኮትህ ደግሞ ትንፍሽ እንዳትል። ዳቦ ጋጋሪው ትምህርቱን እንደሚሸመድድ ተማሪ ቃል በቃል ደገመላቸው።

በሩ ሲከፈት ልብስ ሰፊው ነርሷን አይተው ደነገጡ፤ ወዲያው ድንጋጤያቸውን በቁጣ ሸፈኑት። ቀስ በቀስ ሁሉም ነገር ወጣ። ትናንት ጀማሪዎቹ ሌላ ሰፈር ለትምህርት ሲሄዱ፣ ሕንፃው በሙሉ ወጥቶ ገመድ ሲስብና ቃል ሲያጠና ውሏል።

«ምን እናድርግ ልጄ?» አሉ በመጨረሻ። «ሰውዬው ሲስቁ አይተናቸው አናውቅም። ሊጥሏችሁ ነው የመጡት አልን። በእኛ ደጅ ደግሞ ልጆቻችን አይወድቁም።»

ነርሷ ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት። እንዲህ ተወዳ አታውቅም፤ እንዲህም ተታላ አታውቅም። አመስግናቸው ወረደችና አናጺውን ደረጃው ሥር አገኘችው። የሰማችውን ስትነግረው መጀመሪያ ከት ብሎ ሳቀ፤ ቀጥሎ ዓይኗን አየና ሳቁን አቆመ።

«ሆድ ይፍጀው» አላት። «ቅርጫቱ እንደሆነ ይሠራል። ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

«ይኼ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው» አለችው። «የሰበሰብነው አስተያየት ሁሉ የልባቸው አይደለም።»

አናጺው ተከራከራት። ክፍሉን ይዘን እናስተካክለዋለን አለ፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ብሎም አስጠነቀቃት። ሐሳቡ ከንቱ አልነበረም። እሷም ለአፍታ ሰኞ ጠዋትን፣ የሐኪም ቤቱን ረጅም ኮሪደር አሰበች። ግን እዚያው ኮሪደር ላይ «ዛሬስ ደህና ነኝ» የሚሏት በሽተኞችም ትዝ አሏት። ሐኪሙን ላለማስከፋት ሕመማቸውን ይውጡ ነበር። ይሉኝታ በሽተኛውን ዝም ያሰኘዋል፤ በሽታውን ግን ዝም አያሰኘውም። ይህን ስታስብ ፍርሃቷን ረስታ ዳቦ ጋጋሪው ስለ መስኮቱ ምን ሊናገር እንደነበር ማወቅ ፈለገች።

ከሰዓት በኋላ ምድር ቤት ያለው ክፍል ጢም ብሎ ሞላ። ዳቦ ጋጋሪውና መምህሩ እማማ ስልከኛን ደግፈው አወረዷቸውና በሩ አጠገብ አስቀመጧቸው። አሰልጣኙ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ እስቲ ስለ ቅርጫቱ አጫውቱኝ አሉ። ልብስ ሰፊው ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊነሱ ሲሉ ነርሷ ቀደመቻቸው። አናጺው ግንባሩን በመዳፉ ያዘ።

«ጠዋት ያዩት ሙከራ አልነበረም» አለች ለአሰልጣኙ። «ትናንት ሲለማመዱት የዋሉት ነው። እንዳንወድቅ ስለሳሱልን ነው እንጂ ለክፋት አይደለም። ጥፋቱም የእኛ ነው፤ የምንሠራውን በደንብ አላስረዳናቸውም።»

ከዚያ ወደ ነዋሪዎቹ ዞረች።

«እኛ ብንወድቅ እንነሳለን። እናንተ ዝም ካላችሁን ግን ይኼ ቅርጫት እንደተንጠለጠለ ነው የሚቀረው። እባካችሁ ስደቡልን።»

ከኋላ አንድ ሰው ብቻውን ሳቀና አፍሮ ተወው። ልብስ ሰፊው ተቀይመው ጣሪያውን ያያሉ። ጸጥታው በረዘመ ቁጥር ነርሷ አንድ ነገር ተናግራ ልትሞላው ምላሷን በላት፤ እንደምንም ብላ ከንፈሯን ነክሳ ተቀመጠች። የአሰልጣኙን ፊት ለማየት አልደፈረችም።

«እኔ ልናገር» የሚል ቀጭን ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ። እማማ ስልከኛ ነበሩ።

«ቅርጫቱ ሽንኩርቴን ያመጣልኛል። ዳቦዬንም ያመጣልኛል። ግን አይቀመጥም።»

ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ድሮ ዕቃዬን ይዞ የሚወጣው ሰው ደረጃው ስለሚያደክመው ቁጭ ይል ነበር። ላቡ እስኪደርቅ ያጫውተኛል። ሰፈሩ እንዴት እንደዋለ እሰማለሁ። ይኼ ነገር ከተሰቀለ ወዲህ ግን በሬን ያንኳኳ ሰው የለም።»

ዕቃቸውን ያወጡላቸው የነበሩት ልብስ ሰፊው ናቸው። ቅያሜያቸው ከፊታቸው ላይ ጠፍቶ አንገታቸውን ደፉ።

«እኔ እኮ ወደዱት ብዬ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔ ደግሞ አንተ ደክሞህ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ማንም ያልገመተው ይህ ነበር። ነርሷ ፊቷ እስኪፈካ ድረስ ደስ አላት፤ ማዘን እንደነበረባት ያወቀችው ቆይታ ነው። ይህን እውነት ማንም አላስጠናቸውም፤ እሷም ቢሆን መቶ ጊዜ ብትጠይቅ ልትደርስበት የማትችለው ነገር ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ብድግ አለ። ገመዱ በመስኮቴ ፊት ነው የሚያልፈው፣ ዝናብ ሲመታው እየተንጠባጠበ የታጠበ ልብሴን ያበሰብሰዋል፣ እስካሁን በይሉኝታ ታፍኜ ነው የከረምኩት አለ። ከጎኑ የተቀመጠች እናት መዘውሩ ሕፃኗን ከእንቅልፍ እንደሚቀሰቅሰው ተናገረች። ሌላው የገመዱን ውፍረት ነቀፈ፤ ሌላው የነቀፈውን ሰው ነቀፈ። አናጺው ግንባሩን ለቆ ተነስቶ ነበር። የሠራውን ሁሉ አንድ በአንድ ሲያፈርሱበት ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ፣ ቆይ እሱን ድገሙልኝ ይላል። መምህሩ ማን ምን እንዳለ መከታተል አቅቶት ተስፋ ቆረጠና እሱም ክርክሩ ውስጥ ገባ።

ጫጫታው መሀል እማማ ስልከኛ ደከመኝ፣ ወደ ቤቴ መልሱኝ አሉ። ልብስ ሰፊው ቀድመው ክንዳቸውን ሰጧቸው፤ ነርሷ በሌላው ጎን ያዘች። ክርክሩን ጥሎ መቅረት የፈለገ አልነበረምና ግማሹ ሕዝብ እየተጨቃጨቀ ተከተላቸው። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ከኋላ ያለው ከፊት ያለውን ለመስማት ይጮኻል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ እማማ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆሙ፤ ሰልፉም ሁሉ አብሯቸው ቆመ።

አሰልጣኙ ሰዉን በትከሻቸው እየገፉ መጥተው ከነርሷ ጎን ደረሱ። ከስብሰባው ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር።

«ስለ ክፍሉ ወስኛለሁ» አሉ።

ነርሷ ይህን ቃል ለመስማት ስንት ጊዜ ስትጓጓ ኖራ ነበር። አሁን ግን እማማ ስልከኛ ግድግዳውን ተደግፈው በትንፋሽ መሀል አንድ ነገር እያሉ ነው፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፃቸው በጫጫታው ተውጧል። ነርሷ ለአሰልጣኙ እጇን አነሳች።

«አንድ ጊዜ ይቆዩኝ። እየተናገሩ ነው» አለችና ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ለእማማ ሰጠች።

«ቅርጫቱ ሲመለስ ባዶውን ነው የሚወርደው እያልኩ ነው» አሉ እማማ። «እኔም እኮ የምልከው አለኝ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

«ምንድን ነው የሚልኩት እማማ?»

እማማ ስልከኛ ወደ ላይ፣ ወደ በራቸው አዩ፤ ክንዷን ጠበቅ አድርገው ይዘው ቀጣዩን ደረጃ ረገጡ። አሰልጣኙም ውሳኔያቸውን እንደያዙ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው፣ መልሱን ለመስማት ተከተሏቸው።