ሦስተኛዋ ደንበኛ

ጄኔሬተሩን ያዋሰን ይርዳው ነው። መካነ ሰላም መሀል ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ቀልደኛ ጎልማሳ ነው። «እትዬ ሐረግ፣ መብራት ከጠፋ ይህችን ገመድ አንዴ ሳብ ማድረግ ነው። ሁለት ጊዜ ከሳቡ ግን ጩኸቷ ከላላ ከተማ ድረስ ይሰማል» አለኝ። ተሸክሞ አምጥቶ በረንዳዬ ላይ አስቀመጠልን። አንዱ ሲም ካርድ ቢከዳን ብለን ሁለተኛ ገዛን፤ ላፕቶፔንም ለሁለት ቀን ከሶኬቱ አልነቀልነውም። ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥር ነበር። በዚያ ዓመት መብራትና ኢንተርኔት ደስ ሲላቸው የሚመጡ፣ ሲከፋቸው ሳይሰናበቱ የሚሄዱ እንግዶች ነበሩና፣ የፈራነው እነሱን ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ዝግጅት ለዘሊካ ነበር። ዘሊካ የጎረቤቴ የሸህ አሕመድኑር ልጅ ናት። ስድስት ዓመት ጅዳ በሰው ቤት ሠርታ፣ የሳዑዲ መንግሥት መኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ሲያስወጣ ከብዙ ሺህ አገሬዎቿ ጋር ተመልሳለች። ስትሄድ የአንድ ዓመት ልጇን አሚራን ለእናቷ ትታ ነበር። ስትመለስ የሰባት ዓመት ልጅ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት፤ «እቴቴ፣ ግቢ» አለቻት፣ ለማንኛዋም ታላቅ ሴት እንደሚባለው። «እማዬ» ማለት የጀመረችው ከስምንት ወር በኋላ ነው። ዘሊካ ያን ዕለት እየሮጠች መጥታ ደጄን ስታንኳኳ ሰው የሞተ መስሎኝ ደንግጬ ነበር።

ቤታቸው የሚቆመው ዘሊካ በምትልከው ነበር። የሸህ አሕመድኑር ቁርኣን ቤት ምርቃት እንጂ ገቢ የለውም፤ የእናቷ የስኳር መድኃኒት ደግሞ በምርቃት አይገዛም። ስለዚህ አንድ ደላላ በጅቡቲ በኩል፣ በባሕር፣ ወደ ሳዑዲ ለሁለተኛ ጊዜ መንገድ ይዞላት ነበር። ከረመዳን በፊት ሥራ ካላገኘች ትሄዳለች።

የሥራ ማስታወቂያውን የላከችልኝ ካርቱም ሳስተምር የተዋወቅኋት ወዳጄ ናት። ዱባይ ያለ አንድ የቴክኖሎጂ ኩባንያ በስልክ መተግበሪያ የቤት ዕቃ ይሸጣል፤ ከያሉበት አገር፣ ከቤታቸው ሳይወጡ፣ ለደንበኞቹ በዐረብኛ መልስ የሚሰጡ ሠራተኞች ይፈልጋል። ብዙ አገር ዞሬያለሁ፣ ብዙ ባቡርም አምልጦኛል፤ እንደዚያ ቀን ግን ሮጬ አላውቅም። ነጠላዬ በእነ ዘሊካ አጥር ላይ ቀርቶ አሚራ ናት ያመጣችልኝ።

ማመልከቻውን ስንሞላ «የሥራ ልምድ» የሚለው ቦታ ላይ ደረስን።

«ምን ይጻፋል እትዬ? ጠረግሁ፣ አጠብሁ፣ ተኮስሁ ይባል?»

«ስንት ሰው ነበር በቤቱ?»

«አሥራ አንድ። ድመቷን ከቆጠሩ አሥራ ሁለት። የምትብሰው ድመቷ ነበረች።»

«የአሥራ ሁለት ደንበኞችን ፍላጎት በአንድ ጊዜ የማስተናገድ የስድስት ዓመት ልምድ» ብዬ ጻፍሁ። ዘሊካ አነበበችና አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች። «ወላሂ፣ ውሸት የለበትም» አለች።

ማመልከቻው አለፈ። የጽሑፉንም ፈተና አለፈች። የቀረው የመጨረሻው፣ የድምፅ ፈተናው ነበር፤ ፈታኟ የተቆጡ ሦስት ደንበኞችን ሆና ትደውላለች፣ ዘሊካ ደግሞ ታስተናግዳቸዋለች።

ልምምዱን እኔ ቤት ጀመርን። እኔ በካርቱም ገበያ ዐረብኛዬ ደንበኛ እሆናለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። ችግሩ እኔ ቁጣ አልችልም። ግንባሬን ከስክሼ «ብርድ ልብሴ የት ደረሰ!» ስል ሳቄ ይቀድመኛል።

«አንቱ ደንበኛ ከሆኑማ ኩባንያው ሥራ ፈታ!» ትለኛለች። «እስቲ ትንሽ ክፉ ይሁኑ፣ በሞቴ።»

«ክፋት በዩኒቨርሲቲ አላስተማሩንም።»

ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲህ እየተሳሳቅን አለፈ። አንዳንዴ ሸህ አሕመድኑር በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው ያዳምጡናል። የዐረብኛን ሰዋስው አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ከወረኢሉና ከኩታበር ሳይቀር ደረሳ ይመጣላቸው ነበር። የልጃቸው ዐረብኛ ግን ያስገርማቸዋል።

«ልጄ፣ ይህ ያንቺ ዐረብኛ ከየትኛው ኪታብ ነው?»

«ከወጥ ቤት ነው አባ።»

«ሰዎቹስ ደህና ሰዎች ነበሩ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ እንደ ልጃቸው ነበርሁ» ትላለች። ሁልጊዜም ይህንኑ ነው የምትላቸው፤ ከጅዳ ስትደውልም የምትላቸው ይኸው ነበር።

የፈተናው ቀን ሐሙስ ነበር፤ ጧት ሦስት ሰዓት። ሸህ አሕመድኑር ደረሶቻቸውን አሰናብተው መጡና ከጄኔሬተሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ገመዱን የመሳቡን ኃላፊነት የወሰዱት እሳቸው ናቸው። በአንድ እጃቸው የሙስበሃ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። አሚራ አያቷ ሥር ተቀምጣ፣ ዶሮ ባለፈ ቁጥር ጣቷን ከንፈሯ ላይ እያደረገች «እሽ!» ትላለች። እኔ ከዘሊካ ጎን ሆኜ፣ ማለት ያለባትን በትልልቅ ፊደል የጻፍሁበትን ወረቀት ፊት ለፊቷ ዘረጋሁ። «አዝናለሁ እመቤቴ። እባክዎ የትእዛዝ ቁጥርዎን ይንገሩኝ።»

መብራቱ አልጠፋም። ኔትወርኩም እንደዚያ ቀን ጠርቶ አያውቅም፤ የፈታኟ ድምፅ ከጎረቤት የመጣ ይመስል ክፍሉን ሞላው። እኔም እንድሰማ ማዳመጫውን ትተን የላፕቶፑን ድምፅ ከፍተነው ነበር።

የመጀመሪያው ደንበኛ ምንጣፉ የዘገየበት ሰው ነበር። ዘሊካ አጽናናችው፣ ቁጥሩን ጠየቀችው፣ ቀን ቆረጠችለት። ሁለተኛው የተሳሳተ ቀለም መጋረጃ የደረሰው ነው፤ እሱን እንዲያውም አሳቀችው። ፈታኟ ደንበኛነቷን ረስታ ስትስቅ ሰማሁ። ዘሊካ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። በልቤ አሚራን ዩኒቨርሲቲ አስገብቼ፣ አስመርቄ ጨርሼ ነበር።

ሦስተኛዋ መጣች።

ለእንግዶቿ ያዘዘችው የብርጭቆ ስብስብ ተሰብሮ የደረሰባት እመቤት ናት። ፈታኟ ሥራዋን ታውቃለች፤ ድምፅዋን ለውጣ ጮኸች። «ሌቦች! እንግዶቼ በር ላይ ቆመዋል! ማን ነው የሰበረው? ዝም ትያለሽ? አንቺ ነሽ! አንቺ ነሽ የሰበርሽው!»

ዘሊካ ከወንበሯ ተነሣች። ወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ግድግዳውን መታው። ወረቀቱን በጣቴ እየመታሁ አሳየኋት፤ አላየችውም። ሁለት እጆቿን ሆዷ ላይ አጣምራ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ቀጭን ድምፅ፣ በዐረብኛ እንዲህ አለች።

«አዎ እመቤቴ። እኔ ነኝ የሰበርሁት። ከደመወዜ ይቆረጥ። በአላህ ይሁንብሽ፣ ፊቴን ብቻ አትምችኝ።»

ፈታኟ ወደ ራሷ ድምፅ ተመልሳ፣ በለሆሳስ፣ «ዘሊካ፣ ፈተና እኮ ነው። አንቺ ምንም አልሰበርሽም» አለች። ዘሊካ ግን እንደቆመች ነበር። ትከሻዋን ይዤ ሳስቀምጣት ሰውነቷ እንደ ጣውላ ደርቋል።

በረንዳው ላይ የሙስበሃው ድምፅ ቆመ። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ፤ በግቢው ውስጥ ዐረብኛ የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው ነበር።

«አባባ፣ እማዬ አለፈች?» ስትል አሚራን ሰማኋት። በመስኮቱ ሳይ፣ ሸህ አሕመድኑር በዓይናቸው ሥር ያለውን ጫማቸውን አጥተው ይፈልጉ ነበር።

መልሱ ቅዳሜ መጣ። ትሕትና ያልጎደለው ኢሜይል ነው፤ ለዚህ ጊዜ እንዳልተመረጠች፣ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ማመልከት እንደምትችል ይናገራል። «ቆዪ» አልኋት፤ «ስድስት ወር ነው። በየቀኑ እጮኽብሻለሁ፣ እስክትለምጂው።»

«አንቱ መቆጣት አይችሉም እትዬ» አለችኝ። ፈገግ ለማለትም ሞከረች። «ደሞስ የእማ መድኃኒት ስድስት ወር ይጠብቃል?»

እውነቷን ነው፣ አልችልም። ሦስት ቀን ሙሉ አሳቅኋት እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኽሁባትም። ጮኼባት ቢሆን ኖሮ ያን ነገር እኔ ቀድሜ፣ በዝግ ቤቴ፣ አባቷ ሳይሰሙ አየው ነበር። ደግ መሆን ለማስተማር ይበቃል ብዬ ያመንሁበት ዕድሜዬ በዚያች ሰዓት አሳፈረኝ።

ሸህ አሕመድኑር «አትሄጂም» ብለዋት ነበር። የእናቷን መድኃኒት አንሥታ ተከራከረችና እሺ አስባለቻቸው፤ ስለ ብርጭቆው ግን እሳቸውም አልጠየቋት፣ እሷም አልነገረቻቸውም። ለእኔ ግን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው፣ ጄኔሬተሩን እያዩ ነገሩኝ። «እትዬ ሐረግ፣ ቋንቋውን አርባ ዓመት አስተምሬያለሁ። በዚያ ቋንቋ ልጄን ምን እንደሚሏት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም። እንደ ልጃቸው ነኝ ስትለኝ ደስ አለኝና ዝም አልሁ።»

የሄደችው ከሳምንት በኋላ ሰኞ ማለዳ ነው። እኔ፣ ሸህ አሕመድኑርና አሚራ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ ድረስ ሸኘናት። ጭኗ ላይ ከያዘችው ትንሽ ቦርሳ በቀር ዕቃ አልነበራትም። በመስኮት እጇን አውጥታ የአሚራን ፀጉር ታስተካክል ነበር። ሹፌሩ፣ ሽበት የወረረው ቁጡ ሰው፣ ወደ መቀመጫው ሊገባ ሲል በሩ ላይ የተጋደመ የድንች ማዳበሪያ አደናቀፈው።

«ይኼን እዚህ የወሸቀው ማነው? መንገድ ዘግታችሁ ልትገድሉን ነው? ማነው ባለቤቱ!»

ዘሊካ እጇን ከአሚራ ፀጉር ላይ አነሣች። ከመቀመጫዋ ተነሣች። «እኔ ነኝ» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው። አነሣዋለሁ።» በመተላለፊያው ሄዳ፣ ጎንበስ ብላ የማዳበሪያውን ጆሮ ያዘች።

ሸህ አሕመድኑር በአርባ ዓመት ማስተማራቸው በአንድ ደረሳ ላይ እንኳ ድምፃቸውን ሲያነሡ የሰማ የለም። በሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ጮኹ።

«የእሷ አይደለም! አልነካችውም! ልጄ አልነካችውም! የእሷ አይደለም!»

ሹፌሩ ደነገጠ። «እሺ አባቴ... ምን አልኋት? ዝም ብዬ እኮ ነው የጠየቅሁት።» ከኋላ አንዲት ሴት፣ «የኔ ነው ልጄ፣ ተይው፣ እኔ አነሣዋለሁ» አለች። ዘሊካ ግን አልለቀቀችውም። «ምንም አይደል አባ፣ ቀላል ነው» እያለች፣ ከእሷ የሚከብደውን ማዳበሪያ እስከ መጨረሻው ወንበር ጎተተችው። ተመልሳ መስኮቷ ጋ ሳትደርስ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።

አቧራው እስኪሰክን ቆምን። ሸህ አሕመድኑር እጃቸው በሩን እንደያዘ ሁሉ በአየር ላይ ቀርቶ ነበር። አሚራ ጣቴን ይዛ ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ ሐረግ» አለችኝ፣ «እቴቴ መቼ ነው የምትመለሰው?»