አልጠፋ ያለችው መስመር

አሻግሬ ያን ቀን ወደ ደባርቅ ሲወጣ አሥራ አራተኛ ጊዜው ነበር። ከድብ ባሕር በታች ካለችው መንደሩ ይነሣል፤ መኪና ሲያገኝ በመኪና፣ ሲያጣ በእግሩ ሊማሊሞን እየቧጠጠ ይወጣል፤ ጣቱን ተወግቶ ይመለሳል። ሰው ደባርቅ የሚወጣው ለገበያ ነው፣ ለፍርድ ቤት ነው። እሱ የሚወጣው ለአንዲት ቀይ መስመር ነበር። መስመሯ ከጠፋችለት ልጁን ያቅፋል። ካልጠፋች ያው እንደ ለመደው አንገቱን ደፍቶ ቁልቁለቱን ይወርዳል።

ልጁ ሰገነት ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። አንድም ቀን አቅፏት አያውቅም። ኧረ ምን ማቀፍ፣ ጣቷን እንኳ ነክቶ አያውቅም!

ጦሱ የመጣው ከቆላ ነው። በዘጠና ስድስት ክረምት አሻግሬና ታናሽ ወንድሙ ድረስ፣ እንደ አገሩ ጎልማሳ ሁሉ፣ ለሰሊጥ አረም ሁመራ ወርደው እስከ አጨዳው ሰነበቱ። ማታ ማታ ግራር ሥር ይተኛሉ። በጥቅምት ሁለቱም ታመሙ፤ ትኩሳቱ አልለቅ አለ፣ ሆዳቸው ተነፋ፣ እግራቸው ከሳ። ካላዛር ነው ተባለ። ድረስ መርፌው ሳይደርስለት እዚያው ቀረ፤ የቀበረው አሻግሬ ነው። እሱን ሰዎች በቃሬዛ አውጥተው ጎንደር አደረሱት፤ ሠላሳ ቀን ሙሉ ተወግቶ በሕይወት ወደ ሚስቱ ገባ። ሚስቱ ታንጉት ነፍሰ ጡር ነበረች። እልል ተባለ፤ ጠላ ተጠመቀ።

ደስታው ግን ሦስት ወርም አልሞላ። በመጋቢት ፊቱ ላይ ምስር ምስር የሚያካክል እብጠት ወጣ፤ ከአፍንጫው ጀምሮ ጉንጩን ሞላው፣ ወደ ክንዱም ወረደ። ደባርቅ ገበያው ዳር ያለ ክሊኒክ ሄደ። የላቦራቶሪው ሰውዬ ጣቱን ወግቶ፣ ደሙን በቀጭን ወረቀት ላይ አንጠባጥቦ ጠበቀ። ሁለት ቀይ መስመር ወጣ። «አንዷ ሁልጊዜ ትወጣለች» አለው፤ «ሁለተኛዋ ናት የካላዛሩ። አለብህ።» ከሆድ የተረፈው ወደ ቆዳ ወጥቶ ነው አሉት፤ እንደገና መርፌ አዘዙለት።

ታንጉት ልትወልድ ሳምንት ሲቀራት፣ አሻግሬ የንስሐ አባቱን መምሬ ኪዳነ ማርያምን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ጠብቆ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ።

«አባቴ፣ ይግዘቱኝ» አላቸው።

«ምን በደልህና?»

«አልበደልሁም። ግን ያውቁኛል፣ ሆደ ባሻ ነኝ። ልጅ ተወልዶልኝ ሳላቅፍ አላድርም። ድረስን የበላው በሽታ ይኸው ፊቴ ላይ ወጥቷል፤ ልጄ ላይ ባጋባውስ? ሰው ቢከለክለኝ አልሰማም። እግዜርን ግን እፈራለሁ።»

ሽማግሌው ክንዱን ይዘው አነሡት። «ልጄ፣ ግዝት ከአፍ ከወጣ በኋላ እንደ ዋዛ የሚመለስ ነገር አይደለም።»

«ስለማይመለስ ነው የፈለግሁት።»

ገዘቱት። ደሙ ነጻ ነው የሚል ወረቀት ከሐኪም ዘንድ እስኪያመጣ ድረስ ልጁን እንዳይነካ፣ ከሚስቱ ጋር በአንድ ጣራ ሥር እንዳያድር፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ገዘቱት። አሻግሬ መስቀል ተሳልሞ ደስ ብሎት ሄደ። አይ አሻግሬ! የሦስት ወር ነገር መስሎት ነበር።

በግቢው ጥግ ትንሽ ጎጆ ቀልሶ ገባ። ልጅቱ ተወለደች። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ የክርስትና እናቷ ይዛት ገባች፤ እሱ ከቅጥሩ ውጭ ወይራ ተደግፎ ለቅሶዋን ሰማ። በነሐሴ መርፌውን ጨርሶ ፊቱ እንደ ድሮው ጥርት አለ። ያየው ሁሉ እንኳን ማረህ አለው። ዘሎ ደባርቅ ወጣ። የላቦራቶሪው ሰውዬ ወረቀቱን በመስኮቱ አሾልኮ አየና «አሁንም አለ» አለው።

«ምኑ?»

«መስመሩ። ቀጣይ!»

ቀጣይ ማለት ከኋላህ የቆመው ሰው ይምጣ ማለት ነው። ይኼ ሰውዬ አፉን የሚከፍተው በስፍር ነው መሰል፣ ከዚያ ወዲህ ከ«አለ»ና ከ«ቀጣይ» ሌላ አንድም ቃል ጨምሮ አልነገረውም። አሻግሬም ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው አይሞግትም። በሽታው ደሜ ውስጥ ተደብቋል አለ፣ አመነ፣ ተመለሰ። በሦስት ወሩ ሄደ፤ አለ። ደግሞ ሄደ፤ አለ። አንድ ጊዜ ሁለት ሱባዔ ጠበል ተጠምቆ ሄደ፤ አለ። አንድ ጊዜ ደሙ እንዲጠራ ብሎ አርባ ቀን ቅባትም ወተትም ሳይቀምስ ሄደ፤ ቆሞ መሄድ አቅቶት በበቅሎ መለሱት፤ መስመሯ ግን አለች።

ልጅቱ መራመድ ስትጀምር ደግሞ ጉድ ፈላ። እጇን ዘርግታ እየወደቀች እየተነሣች ወደ እሱ ትመጣለች፤ እሱ ይሸሻል። ቤቱን እየዞረ ይሸሻል፤ እሷ ጨዋታ መስሏት እየሳቀች ትከተላለች። ስድስት ጫማ የሚሆን ጎልማሳ ከጡት ያልወረደች ልጅ ስታባርረው ማየት ነው! ጎረቤት አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ይስቃል። እሱም አብሮ ይስቃል። ከዚያ ጎጆው ይገባና ጋቢውን አፉ ውስጥ ጎስጉሶ ያለቅሳል።

ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆናት መከተሉን ተወች። ራቅ ብላ ትቀመጣለች፣ ከዚያ ሆና ታወራዋለች፤ ሊጠጋ ሲል ትነሣለች። «ገባት መሰለኝ» አላት ለታንጉት። ታንጉት እንስራዋን አንሥታ ውኃ ልትቀዳ ወረደች።

ታንጉትስ ብትሆን ሰው አይደለችም ወይ? ባል እያላት ባል የላት፤ ዘመዶቿ ቁሞ የሞተ ባል ምን ያደርግልሻል እያሉ ሲጎተጉቷት ኖሩ። ስትታገሥ ስትታገሥ፣ በሁለት ሺህ አንድ ጥቅምት አንድ ቀን ከጎጆው በር ላይ ቆማ ተናገረች። «አሻግሬ፣ ለኅዳር ሚካኤል ወረቀቱ ካልመጣ ልጄን ይዤ አዲ አርቃይ፣ ወንድሜ ክንዴ ዘንድ እወርዳለሁ። ጠልቼህ አይደለም። ደክሞኛል።»

«ኅዳር ሚካኤልማ ሦስት ሳምንት ነው» አላት።

«አውቃለሁ» አለች።

እንግዲህ አሥራ አራተኛው መንገድ ይህ ነው። በመስኮቱ በኩል ያች የለመዳት ፊት አልነበረችም። ሃና የምትባል ከዳባት የመጣች ወጣት ባለሙያ ተተክታለች። ደሙን አንጠባጠበች፣ ጠበቀች፣ አየች።

«አለች አይደል?» አላት፣ ሳትናገር።

«መስመሯማ አለች። ግን ምንዎን አመመዎት? ትኩሳት አለዎት?»

«የለኝም።»

«ሆድዎን ይነፋዎታል? ከስተዋል?»

«ኧረ ደኅና ነኝ።»

«ታዲያ ማን ነው ተመርመሩ ያለዎት?»

«ማንም። እኔው ነኝ። እስክትጠፋ ነው የምጠብቀው።»

ሃና ካርዱን ከመደርደሪያ አውጥታ ገለጠችው። አሥራ ሦስት ጊዜ፣ አንድ ዓይነት ቃል። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ከመስኮቱ ተነሣችና በበሩ ዞራ ወደ ውስጥ አስገባችው። ሐኪሙን ጠራችው። ሐኪሙ አስተኝቶ ሆዱን ዳበሰ፣ ፊቱንና ክንዱን በብርሃን አየ፣ ደኅና ነው ብሎ ወጣ። አሻግሬ ያን ጊዜ ነገሩን ሁሉ፣ ግዝቱንም የልጁንም፣ ተራ በተራ ነገራት። ስትሰማ ፊቷ እየጠቆረ ሄደ።

«ጋሼ አሻግሬ» አለችው፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባል ሰምተዋል አይደል?»

«የማይሰማ አለ?»

«ይኼ ምርመራ ጅቡን አያይም። የሚሰማው ውሻውን ነው። በሽታው ሲገባብዎት ደምዎ ውስጥ መከላከያ ተነሣ። በሽታው ሞቶ እንኳ መከላከያው ዓመታት ይቆያል፤ ዕድሜ ልክም ሊቆይ ይችላል። መስመሯ እሱን ናት የምታሳይ። በሽታው ገብቶብዎት እንደነበር ትናገራለች እንጂ፣ መዳን አለመዳንዎን አታውቅም።»

«እና መቼ ትጠፋለች?»

«ላትጠፋ ትችላለች።»

«እኔስ?»

«እርስዎማ ድነዋል።»

አሻግሬ እልል አላለም። «መቼ?» አላት። «መቼ ነው የዳንሁት?»

«ቆዳዎ የጠራው መቼ ነው?»

«በዘጠና ሰባት ነሐሴ።»

ሃና መሬት መሬት አየች። መልሱ ይኸው ነበር።

«ባቅፋትስ ኖሮ?»

«በማቀፍ አይተላለፍም። የቆላ ትንሽ ዝንብ ናት ከሰው ወደ ሰው የምታደርሰው። ምንም አትሆንም ነበር።»

ያን ጊዜ ግንባሩን በመዳፉ መታው። አንዴ አይደለም፤ ሃና እጁን እስክትይዘው ድረስ። «ሦስት ዓመት ሙሉ! ከነዚህ ሰዎች አንዱ አፉን ከፍቶ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ምን ነበረበት!» እውነቱን ነው፤ ምን ነበረበት? በውጭ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰማው።

ሲረጋጋ ደሙ ነጻ ነው ብለሽ ጻፊልኝ አላት። ያን መጻፍ እንደማትችል፣ መስመሯ ዓይኗን አፍጥጣ እንዳለች ነገረችው። ሐኪሙ ግን ድኗል፣ ለማንም አያሰጋም ብሎ ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ ሰጠው።

መምሬ ኪዳነ ማርያም በማግስቱ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። እንዴት እንደሆነ አሻግሬ እየተንተባተበ፣ በጅቡና በውሻው አስረዳቸው። ነጻ ነው የሚል ወረቀት እስከ ዕለተ ሞቱ እንደማይመጣ ሲገባቸው ወረቀቱን አጥፈው መለሱለት።

«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይኸው እኔ ነኝ» አሉ። «በማላውቀው ነገር ገዘትሁህ። እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ። እኔንም ይፍታኝ።» መስቀሉን ግንባሩ ላይ አሳረፉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ለታንጉት ራሴ እነግራታለሁ ብለው አብረውት ወረዱ።

ታንጉት ግቢ ውስጥ ገብስ ታሰጣ ነበር። ሰምታ ሳትጨርስ እልልታዋን አቀለጠችው። ሰገነት ከበረቱ ዳር ቆማ እያየች ነው።

«ነይ ልጄ!» አላት አሻግሬ፤ ተንበርክኮ ሁለት እጁን ዘረጋ። «ነይ፤ አሁን አልሸሽሽም።»

ልጅቱ ወደ ኋላ ሄደች። ቀስ ብሎ በጉልበቱ ተጠጋት። ጮኸች። ከመሬት ድንጋይ አንሥታ ወረወረችበት፤ ትከሻውን አገኘችው።

«አትምጣ! አትምጣ ትሞታለህ!»

አሻግሬ ባለበት ቀረ። ታንጉትን ዞሮ አያት። እልልታው ከአፏ ጠፍቷል፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ይዛለች።

«አባትሽ ታሟል ብላት አልሰማ አለችኝ» አለች። «እያለቀሰች ወደ አንተ መሮጥ ሆነ ሥራዋ። መላ አጣሁ። ከነካሽው ይሞታል አልኋት። ያን ጊዜ ተወች።»

ገባት መሰለኝ ብሎ ነበር። ለካ ያች ሕፃን አንድ ዓመት ሙሉ እሱን ከሞት ስትጠብቅ ኖራለች።

መምሬ ኪዳነ ማርያም መስቀላቸውን ይዘው ወደ በረቱ ተጠጉ። «ልጄ፣ እኔ ፈትቼዋለሁ። አይሞትም፤ ሂጂ ሳሚው» አሏት።

«ውሸት ነው!» አለች ሰገነት። የበረቱን መቃን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛ አባቷን ታየዋለች። «አባዬ ሂድ! ሂድልኝ!»

አሻግሬ ተነሣ። እንዳትፈራ ብሎ ወደ ኋላው፣ እስከ ጎጆው በር ድረስ ራቀ። ከዚያ ሆኖ ሽማግሌውን አያቸው።

«እኔንስ ፈቱኝ አባቴ» አለ። «እሷን ማን ይፍታልኝ?»

መምሬ ኪዳነ ማርያም አርባ ዓመት ሰው ሲያናዝዙ ኖረዋል። ያን ቀን ግን መስቀላቸውን ጉያቸው ውስጥ ከተው ከበረቱ ዳር መሬት ላይ ተቀመጡ።