ከጓንዡ እስከ ቢቸና

ኑ፣ እዚህ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ረጅም አይደለም።

አምሳለች በለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ከአጎቷ ከአያ አካለ ወልድ ጎን ተቀምጣ ስልኳን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛለች። ስልኩ ይንዘፈዘፋል። የሚደውለው ታናሽ ወንድሟ ሽታሁን ነው፤ ቻይና፣ ጓንዡ አውሮፕላን ማረፊያ ሆኖ። አባታቸው ባየ ትናንት ቢቸና ላይ ተቀብረዋል። ለሽታሁን የተነገረው ግን "አባትህ ታሟልና ቶሎ ና" ብቻ ነው።

ጎረቤታቸው መምህር ስጦታው ቀድሞ አስልቶላቸዋል። እስከ አዲስ አበባ ስምንት ሺህ ያህል ኪሎ ሜትር፣ በሰማይ ዐሥራ አንድ ሰዓት ያህል፤ ከዚያ ዓባይን ወርዶ ወጥቶ ቢቸና እስኪደርስ ግማሽ ቀን። ነገ አመሻሽ ይገባል፣ አክስቱ ቤት ያድራል፣ ንጋት ላይ ሽማግሌ ያረዳዋል። አያ አካለ ወልድ ይህን ሲሰሙ፣ ዱሮ እኔ ሞጣ ደርሼ እስክመለስ ይሄ ከቻይና ቢቸና ገባ በሉኛ ብለው ለቀስተኛውን ፈገግ አሰኙት።

አምሳለችም በነገሩ ተስማምታ ነበር፤ በአባቷ የደረሰውን ታውቃለችና። ባየ በጉልምስናቸው ከሞጣ ገበያ ሲመለሱ፣ አንድ ነጋዴ መንገድ ላይ አገኛቸውና እናትህን ነፍስ ይማር ብሏቸው በቅሎውን ኮልኩሎ አለፈ። የሚይዛቸው ሰው አልነበረም፤ ድንጋይ አቅፈው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ በአገሩ መርዶ በኖረ ቁጥር፣ ዝናብ ይሁን ጭቃ፣ ቀድመው የሚሄዱት እሳቸው ሆኑ። ሰው መርዶ ሲረዳ ክንዱን የሚይዝለት ይኑር ባይ ነበሩ።

ስልኩን አነሳችው።

"እታለም፣ ልሳፈር ነው። አባቴ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው። አንተ ብቻ ቶሎ ና።"

"እንግዲያው 'አባቴ ይሙት' ብለሽ ማይልኝ።"

ለጨው፣ ለበርበሬ ሳይቀር ሺህ ጊዜ የማለችው መሐላ ነው። ዛሬ አፏ እምቢ አላት። ሽታሁን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ዐሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ለሌለ ሰው 'ማርልኝ' እያልኩ እንዳታመጪኝ።"

አያ አካለ ወልድ ማይና ይለፍ በሚል ዐይን አዩዋት። እሷ ግን ልቧ ቆርጧል።

"አጠገብህ የአገር ሰው አለ?"

አዎ፣ ስርጉት የምትባል የደብረ ወርቅ ልጅ አጠገቡ ነበረች። ሰልፍ ላይ ተዋውቀው ነው፣ የምትሳፈረውም በዚያው አውሮፕላን ነው። አምሳለች ስልኩን ስጣት አለችው። ለልጅቱ እውነቱን ነገረቻት፤ ወንበር አስቀይረሽም ቢሆን ከጎኑ ተቀመጪልኝ ብላ ለመነቻት።

"አሁን ክንዱን ያዢልኝ፣ እህቴ። ያዝሽው?"

"ይዤዋለሁ።"

"በይ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊለት። ሽታዬ፣ አባታችን አርፏል። ትናንት ቀበርነው።"

መጀመሪያ የተሰማው የሽታሁን ድምፅ አልነበረም። የባየን መልክ አይታ የማታውቅ ልጅ ናት አባቴን ብላ ያለቀሰችው። እሱ ተከተላት። ድንኳኑም ከወዲህ ተቀበላቸው።

አምሳለች የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ በእሷና በአጎቷ መሀል ምንጣፉ ላይ አኖረችው። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ እስኪገኝ ለወንድሟ ፈቀቅ አለችለት።

ልጆቼ፣ ባየን ነፍስ ይማር ስትሉ፣ ያቺን የደብረ ወርቅ ልጅም አደራ አስቧት።